የቃል ስፌት

ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አንስቶ አየና ለነርሷ በእንግሊዝኛ ነገራት። ልብስ ሰፊው ከሚስቱ አልጋ አጠገብ እንደ ወንበር ቆሞ ቀረ። ለእሱ የነገረው የለም። በፊቱ እንግሊዝኛ ሲናገሩበት ደሙ ይፈላል፤ የሚስቱ ወንድሞች በሠርጉ ቀን "መሃይም አገባች" ብለው የሳቁትን እስካሁን አልዋጠውም።

ዘንድሮ ግን ሴት ልጁ ለሕክምና ትምህርቷ ፈተና ስታጠና እሱም አብሯት ማጥናት ይዞ ነበር። ረጅሙን ቃል በብጣሽ ጨርቅ ላይ ትጽፍለታለች፤ እሱ መገጣጠሚያው ላይ በጠመኔው ያሰምራል፤ ከዚያ የየቁራጩን የግሪክ ትርጉም ትነግረዋለች። "አባዬ፣ ቃልም እንደ ኮት ነው፤ ስፌቱን ካገኘህለት ይተረተራል" ትለው ነበር። ሐኪሙ "ካርሲኖማ" ሲል እጁ ሳያዘው ኪሱ ውስጥ ጠመኔውን ጨበጠ። ካርሲኖ፣ ሸርጣን። ኦማ፣ እብጠት። "ግሪኮች ካንሰርን በሸርጣን ነው የሰየሙት" ስትለው፣ "እኛን ምን አገናኘን ከሸርጣን ጋር" ብሎ ቀልዶባት ነበር።

ሐኪሙ "መጣሁ" ብሎ ከነርሷ ጋር ወጣ። ሚስቱ ከትራሷ ቀና አለች።

"ምን አለ? አንተ እንኳ ዘንድሮ ሊቅ ሆነሃል።" ፈገግ ብላለች፤ የአንሶላውን ጫፍ ግን ጨምድዳ ይዛዋለች።

"እኔ መሃይሙ ምን አውቄ" አላት። ያችን ቃል በገዛ አፉ ሲላት የመጀመሪያው ነበር። "ወንድሞችሽ እዚህ ቢኖሩ ይነግሩሽ ነበር።"

እጁን ልትይዘው ከኪሱ ሳበችው። መዳፉ በደቀቀ ጠመኔ ነጭ ሆኖ ወጣ። አየችው፤ ሌላ አልጠየቀችውም።