የጎን ክፍሉ ተከራይ

አዋጁ በሬዲዮ ሲነበብ ልብስ ሰፊዋ የእጅጌ ጠርዝ ታጥፍ ነበር። መርፌው ጣቷን ወጋት። ደሙን መጠጥ አድርጋ ማዳመጧን ቀጠለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መጠንቆል፣ ኮከብ መቁጠር፣ መዳፍ ማንበብ፣ ባጠቃላይ በዓይን ያላዩትን አወቅሁ ማለት ወንጀል ሆነ። ጠንቋይ ዘንድ የሄደም እኩል ይታሰራል። ዝናቡ የጠፋው ፈጣሪ ስለተቆጣ ነው ተባለ። ሰባኪዎቹም "ስውሩን ማወቅ የእሱ ብቻ ነው! የሚሻማው በመካከላችን አይኑር!" እያሉ ሕዝቡን ያስጨበጭቡ ጀመር። ብዙም ሳይቆይ ከመንገዱ ማዶ ያለው የኮከብ ቆጣሪው ቤት ታሸገ። ሰውየውን የት እንዳደረሱት የሚያውቅ የለም።

ልብስ ሰፊዋ በሕይወቷ ለማንም ጠንቁላ አታውቅም። እናቷ ግን ጠንቋይ ነበረች። ከሞተች ዘመን አልፏል፤ ልጅቱም ከተማ ቀይራ፣ የእናቷን ስም ዋጥ አድርጋ ነው የምትኖረው።

በዚያው ሰሞን ጎኗ ያለውን ክፍል አንድ ሰውዬ ተከራየው። ከማንም ጋር አይገጥምም፤ ኮቴው እንኳ አይሰማም። የቤቱ ባለቤት "ዱዳው" የሚል ስም አወጡለት። ዱዳው አንድ ቀን ሱሪ ሊያሳጥር ሱቋ ገባና አንደበቱ ተከፈተ።

"እናትሽ በሕይወት አሉ?"

"ሞታለች።"

"ከወንዙ ማዶ ባለው ከተማ ይኖሩ የነበሩት አይደሉም? ስማቸው የገነነ ሴት ነበሩ ይባላል።"

"ተሳስተዋል" አለችው። ሱሪውን ተቀብላ ሜትሯን ዘረጋች።

ከዚያ ወዲያ ከግድግዳው ማዶ ወንበር ሲንቀሳቀስ በሰማች ቁጥር "ስለ እኔ እየጻፈ ነው" ትላለች።

"እማማ፣ ይሄ ሰውዬ ሥራው ምንድን ነው?" ብላ የቤቱን ባለቤት ጠየቀቻቸው።

"እኔ ምኑን አውቄ! ይገባል፣ በሩን ይዘጋል። የመንግሥት ሰው ሳይሆን አይቀርም።"

በቃ፣ አለቀላት። ሳይቀድመኝ ልቅደመው ብላ ተነሳች።

ፖሊስ ጣቢያ ገባች። ኃላፊው ለስላሳ ሰው ነው፤ ወንበር ሳበላት።

"ጎረቤቴ ጠንቋይ ነው" አለችው።

"እንዲህ የሚለን ሰው ብዙ ነው፣ እትዬ። የሚጨበጥ ነገር አለዎት?"

የለኝም ብትል ነገሩ ወደ ራሷ ሊዞር ነው። አፏ ላይ የመጣላትን ዘረገፈችው።

"አልጋው ስር ጠጠሮች አሉት። በሕፃን ካልሲ ውስጥ ነው ያሰራቸው። ካልሲው አረንጓዴ ነው፤ ተረከዙ በነጭ ክር ተጥፏል።"

ውሸቱ እንዲህ አምሮ እንዴት እንደተሰፋላት ለራሷም ገረማት።

በማግስቱ ዱዳውን እጁን አስረው አወጡት። ደጃፏ ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ ፈልጋ ፍርሃት አገኘች። "ታዲያ ቢፈራ ምን ይገርማል" አለች በሆዷ።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊው አስጠራት። ሻይ አስቀረበላት።

"ያሉት ሁሉ ተገኝቷል" አላት። "ጠጠሩም፣ ካልሲውም። ክሩም ነጭ ነው።"

ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። ግን ፊቷ ላይ እንዳይነበብባት ሻይዋን ፉት አለች።

"መቼም የእሱ ደንበኛ አልነበሩም?"

"ፈጣሪ ምስክሬ ነው! ክፍሉን ረግጬው አላውቅም!"

"በመስኮት አይተው ነው?"

"መስኮት የለውም እኮ!"

"ሰው ነግሮዎት ይሆን?"

"ማን ይነግረኛል? ከማን ጋር ሲያወራ!"

አንዱን ጥያቄ በመለሰች ቁጥር ልቧ ረጋ እያለ ሄደ። የሻይ ብርጭቆውን ባዶ አድርጋ አስቀመጠችና ለመሄድ ነጠላ ጫማዋን አስተካከለች።

ኃላፊው ብድግ ብሎ በሩን ቆለፈ።

"ታዲያ በምን አወቅሽ?" አላት።