ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ

ማስታወቂያው «ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ» ስለሚል፣ ለሠልጣኝ ጠበቃነት ያመለከተችው ወጣት ወደ ጥብቅና ቢሮው የገባችው በሙሉ ልብ ነበር። ከሦስቱ ጠያቂዎች አንዷ ሴት መሆኗን ስታይ ደግሞ ይበልጥ ደስ አላት። ሁለቱ ወንዶች ስለ ውል ሕግ ጠየቋት፤ አንድም ሳትስት መለሰች። ሦስተኛዋ ጠያቂ ወይዘሮ መክሊት ግን ዓይኗን ከልጅቷ የጋብቻ ቀለበት ላይ አልነቀለችም።

«አግብተሻል። ልጅስ መቼ አሰብሽ?»

«እግዜር ሲሰጠኝ።»

«ችሎት ምጥ አያውቅም፣ የኔ እህት» አለችና ፋይሏን ከደነችው። ወንዶቹ ሳቁ።

ልጅቷ ወጣች። ወንድ ቢላት ኖሮ የለመደችው ነውና በቻለችው፤ ከሴት አፍ መስማቷን ግን አልቻለችውም። ኮሪደሩ ላይ እንባዋን ስትታገል ቆይታ ፊቷን ልትታጠብ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ገባች። ከተዘጋው ክፍል ውስጥ ሰው ሲያስመልሰው ይሰማል። በሩ ሲከፈት ወይዘሮ መክሊት ናት። ሰፊ ኮቷ ተከፍቶ፣ ገፋ ያለ ሆዷ ይታያል።

«እነሱ አያውቁም» አለች አፏን እየጠረገች፣ በሹክሹክታ። «እኔም አልወልድም ብዬ ነው የተቀጠርኩት።»

የልጅቷ ጥላቻ ግን አልበረደም። በኮሪደሩ የወንዶቹ ሳቅ እየቀረበ መጣ። ወይዘሮ መክሊት እንደገና አጎንብሳ ታስመልስ ጀመር። ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና፣ ድምፁ ውጭ እንዳይሰማ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው።