ይሠራል

ገምጋሚዋ እስክሪብቶዋን ቅጹ ላይ እንዳሳረፈች ቀረች። መንግሥት መሬት ሰጥቶ የግል ድርጅት በገነባውና በሚያስተዳድረው፣ ኮዬ ፈጬ ዳር ባለው ትምህርት ቤት፣ ቤተ ሙከራው ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ጎመን በቅሎ ነበር። የአምናው ገምጋሚ ግን «ቤተ ሙከራው ይሠራል» ብሎ ፈርሟል። ዘንድሮም እንዲያው ከተጻፈ የድርጅቱ ውል ይታደሳል፤ ተማሪዎቹም ማይክሮስኮፕን በሰሌዳ ላይ ተስሎ ብቻ እንዳዩት ይፈተናሉ።

«ጠብቆ ነው የሚነበበው፣ እህቴ» አሉ ርዕሰ መምህሩ። «ወደፊት ይገነባል ለማለት ነው። ምን ውሸት አለው?»

«የላኩኝ ሰዎች ግን ላልቶ ነው ያነበቡት፣ ጋሼ» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም በቅጡ አልተሰማትም። «አገልግሎት ይሰጣል ብለው ነው የያዙት።»

«እንግዲያው ‹አይሠራም› በያ! እሱንም አላልተው ያነቡትና ተበላሽቷል ብለው ጠጋኝ ይልካሉ። ካቻምና ልከውልናል። ሰውየው መፍቻውን ተሸክሞ መጥቶ ጎመን ይዞ ተመለሰ።»

ሳቅ አልመጣላትም። ቅጹ ከሁለቱ ቃላት ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ሁለቱንም ሰረዘችና ከጎናቸው በስሱ «የለም» ብላ ጻፈች።

ርዕሰ መምህሩ አጎንብሰው አነበቡት። ፈገግታቸው ጠፋ።

«እንዲህ አይጻፍም» አሉ። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ወዳለበት ቢሮ ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጫን አድርገሽ ጻፊው፤ ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ይጠፋል።»