ቁሜ አልቆጣም

«ውረድ!» ይለኛል ሚሊሻው። እወርዳለሁ። ከዋጃ ወጣ እንዳልን ወደ ቆቦ የሚሄደውን አውቶቡሳችንን ያስቆመው ኬላ ላይ ነን። ገና በጠዋቱ ፀሐዩ አናት ይበሳል።

«መታወቂያ። የይለፍ ወረቀት።»

ሁለቱም ኮቴ ኪስ ውስጥ ናቸው። ኮቴ ደግሞ ሙሽራው ላይ ነው። ትናንት ዋጃ ላይ የዘመዳችን ልጅ ሲዳር የሙሽራው ኮት ብብቱ ላይ ተተረተረ፤ የኔን አውልቄ አለበስሁት። ደግነት እንዲህ ነው፤ ዋጋው የሚታወቀው ኬላ ላይ ነው።

ይህንን ላስረዳ አፌን ስከፍት የሚወጣው ዘይት ያልነካው የበር ማጠፊያ ድምፅ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሠርገኛ ሳስቅ አድሬ ጎሮሮዬ ተዘግቷል።

«ሥራህ?»

«ሬዲዮ ላይ ነኝ» እላለሁ በሹክሹክታ። «ቀልደኛ። ይሁኔ እባላለሁ።»

ሚሊሻው፣ ጓደኞቹ ሞላ ይሉታል፣ ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ያዞራል። «ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያወራው ይሁኔ? እማማ አስካለን የሚያመጣት?»

ራሴን እነቀንቃለሁ።

«እንግዲያው አምጣታ!»

እማማ አስካለ በድምፄ የማመጣት ቁጡ አሮጊት፣ እንጀራዬ ናት። ከሠርግ ቤት ወደ ቀበሌ ኪነት፣ ከኪነቱ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ማይክሮፎን ፊት የደረስሁት እሷን ይዤ ነው። ከአህያ ጋር ትጣላለች፣ ከጅብ ጋር ትጣላለች፣ ከፈነዳ ጎማ ጋር ትጣላለች። አንድ ልማድ አላት፤ ሳትቀመጥ አትቆጣም። «ቆይማ፣ መጀመሪያ ልቀመጥ!» ስትል አገር ይስቃል።

አሁን «ቆይማ» ብዬ ስጀምር ግን እንኳን አገር ሊስቅ፣ አጠገቤ ያለው ሾፌርም አልሰማኝ።

«ባለፈው ሳምንት አንዱ ቄስ ነኝ ብሎኝ ነበር» ይላል ሞላ። «አቡነ ዘበሰማያት በል ብለው ግማሹ ላይ ጠፋበት፤ ለካ ወንበዴ ኖሯል። በል ወደዚያ ግባ። ማታ መኪና ሲመጣ ትጫናለህ።»

አይስቅም። በጠመንጃው አፍ ከኬላው ጎን ያለችውን የቆርቆሮ ክፍል ያሳየኛል። በዚያ መኪና የተጫነ ሰው የት ደረሰ ተብሎ አይጠየቅም፤ የጠየቀም ይከተለዋል። እፈራለሁ፣ ምን እደብቃለሁ። አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጫማ ጫማውን ያያል።

ያኔ አክስቴ ትርንጎ ከአውቶቡሱ ትወርዳለች፤ በአንድ እጇ ምርኩዝ፣ በሌላው ከሠርጉ የተረፈ ድፎ በጨርቅ ቋጥራ ይዛለች። እናቴ ስትወልደኝ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ቤቷ ሬዲዮ የለም። እማማ አስካለ ማን እንደሆነች ነግሬያት አላውቅም።

ሚሊሻው ፊት ደርሳ ጣቷን ታነሳለች። ከዚያ ምን እንደታወሳት እንጃ፣ ታወርደዋለች። ዞር ዞር ብላ ድንጋይ ትፈልጋለች።

«ቆይማ፣ መጀመሪያ ልቀመጥ!»

«እንዴ!» ይላል አንድ ሰው ከአውቶቡሱ ውስጥ።

ትቀመጣለች። ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ትሰበስባለች። «ቁሜ አልቆጣም። በል አሁን፣ አንተ ከጠመንጃህ የምታጥረው! ይኸን ልጅ ወዴት ልታደርገው ነው? እንኳን ወንበዴ ሊሆን፣ በሬ መጥመድ አቅቶት እኮ ነው ወሬ እየዘራ የሚበላ! ደሞስ ኮቱን ለሰው ሰጥቶ በሸሚዙ የሚዞር ወንበዴ የት አየህ? ኧረ ተው!»

ሞላ አፉን ከፍቶ እኔን ያያል፣ እሷን ያያል። መጀመሪያ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥሎ ጠመንጃው። አውቶቡሱ በሙሉ በሳቅ ያውካካል። እሷ ግን አትስቅም። ከልቧ ተቆጥታለች፤ ገና መጀመሯ ነው።

«እማማ አስካለ!» ይላል ሞላ እንባውን በክንዱ እየጠረገ። «እሷው ራሷ ናት እኮ!»

«አስካለ ወዲያ! ትርንጎ ነኝ።»

«ይግቡ እናቴ፣ ይግቡ። እሱንም ይዘውት ይሂዱ። ብቻ ለጎሮሮው ተልባ ያጠጡት።»

አውቶቡሱ ይነሳል። የማሽላው ማሳ በመስኮቱ ያልፋል። እጇን ይዤ እስማታለሁ፣ ደግሜ እስማታለሁ። ተመስገን እላለሁ፤ ለእግዚአብሔር ይሁን ለእሷ ለይቼ አላውቅም።

«እታለም፣ ታውቂ ኖሯል?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ኡሙሰልማ ሻይ ቤት አይደለሁ? እሷ ሬዲዮውን ትከፍታለች፤ ቆቦ ሙሉ እኔን እያየ ይስቃል።»

«አልከፋሽም?»

«ምን ይከፋኛል? እኔ እዚሁ ከጎብዬ አላለፍሁ፤ ድምፄ አዲስ አበባን አየ።» ድፎውን ጭኗ ላይ ታደላድላለች። «አንድ ነገር ብቻ ታጎድላለህ። ለምን ቁሜ እንደማልቆጣ አትናገርም።»

«ለምንድን ነው?»

«አዝዬህ ነበራ! ቁሜ ስቆጣ ጀርባዬ ይናወጥና ትነቃብኛለህ። ከነቃህ ደሞ ማን ያስተኛሃል? ተቀምጬ ስቆጣ ግን ጭጭ ብለህ ትተኛለህ። እንዲያው በዚያው ለመደብኝ።»

አዲስ አበባ ላይ ስንቱ «ይህን ከየት አመጣኸው?» ሲለኝ ተሰጥኦ ነው እል ነበር።

ጥቂት ቆይቶ ራሷ ትከሻዬ ላይ ዘንበል ይላል። ሌሊቱን አልተኛችም፤ ወዲያው ማንኮራፋት ትጀምራለች። ጎሮሮዬን ይበላኛል፤ ሳል ይተናነቀኛል። አፌን በመዳፌ ይዤ፣ ትከሻዬን ሳላነቃንቅ፣ ቆቦ እስክንገባ እውጠዋለሁ።