ለሙከራ የመጣ ላፕቶፕ

ሻጩ ባለ ሁለት ስክሪኑን ላፕቶፕ ለአንድ ሳምንት ሙከራ ሲሰጥ «ለቢሮ ሥራ ካልተመቻችሁ መልሱልኝ» ብሎ ነበር። ወንድምየው የቲኬት ቢሮው ጠረጴዛ ላይ እንደ ድንኳን አቆመው። አንዱ ስክሪን ወደ ሠራተኛው፣ ሌላው ወደ ደንበኛው ዞረ።

«ይኸውልሽ እታለም» አላት ታላቅ እህቱን። «እስከ ዛሬ ደንበኛው የበረራ ሰዓት ለማየት ጠረጴዛው ላይ አንገቱን ሲያሰግግ ነበር። አሁን በራሱ በኩል ቁጭ ብሎ ያያል።»

«እኔ ታዲያ ምን ሠርቼ ልበላ ነው?» አለች እህትየው።

ደንበኞች «ሬዲዮ» ይሏታል። የቱ አውሮፕላን መቼ እንደሚነሳና የት እንደሚያርፍ ምንም ሳታይ ታንበለብለዋለች፤ ዋጋ ሊጠይቅ የገባውን ሰው ቲኬት አስቆርጣ ትሸኘዋለች። ቢሮው የሚያድረው በእሷ አፍ ነው፤ ይህን ወንድሟም አይክድም። ሰሞኑን ድምጿ ስለሻከረ «ሬዲዮዋ ባትሪ ጨርሳለች» እያሉ ይቀልዱባታል። ሐኪም ቤት ሄደው እሷ ውጭ ከአንዲት ሴትዮ ጋር ወሬ ስትሰልቅ፣ ወንድሟ ገብቶ ውጤቱን ሰማ። «ትንሽ እብጠት ናት፤ አርብ አውጥተው ይጥሏታል» አላት። እሷም ነገሩን ረሳችው።

ያሳደገችው እሷ ናት። እናታቸው ስትሞት ትምህርቷን አቋርጣ፣ ሠርታ አስተማረችው። ዛሬም ጢም አብቅሎ፣ ከረባት አስሮ እያለ፣ ሰው ፊት «አንተ ጩጬ!» ብላ ትጠራዋለች።

«ኧረ በናትሽ፣ ደንበኛ ፊት እንኳ ተይኝ» ይላታል።

አትተወውም።

ሙከራው ተጀመረ። ወንድምየው ባትሪው ቀኑን ይዘልቅ እንደሆነ፣ ማጠፊያው ይላላ እንደሆነ፣ መብራት ሲጠፋ ሥራው ይቀጥል እንደሆነ አንድ በአንድ አየ። ክብደቱን ራሱ ሳይሆን እሷን አሸክሞ መዘነ። ከዚያ በእሷ ወንበር ተቀመጠና ከንፈሩን ገጥሞ መጻፍ ጀመረ። የጻፈው በደንበኛው ስክሪን ላይ ይወጣል፤ ማሽኑም ጮክ ብሎ ያነበዋል። አንድ ነጋዴ እንዲህ ተስተናግዶ፣ ቲኬቱን ቆርጦ ሄደ።

«ይሠራል» አለ ወንድምየው። ፊቱ ላይ ግን ደስታ አልነበረም።

«ሁለት ምላስ ያለው ሰው አውቃለሁ፤ ሁለት ፊት ያለው ዕቃ ግን ዛሬ ገና አየሁ» አለች እህትየው። «ዋጋውም እሳት ነው። መልስለት!»

አልመለሰውም። ይልቁንም አጠገቧ አስጠግቶ «የማሽኑ ድምፅ ያስጠላል። ያንቺን ይልመድና በሱ ይናገር፤ አንብቢለት» አላት።

አነበበች። የከተማ ስም፣ ሰዓት፣ ሰላምታ። መጀመሪያ ላይ ደስ ብሏት ነበር፤ ዘፋኝ የሆነች መሰላት። ቆይቶ ግን «አሁን ደግሞ ሳቂ» አላት።

«ለአውሮፕላን ቲኬት ሳቅ ምን ይሠራል?»

«ዝም ብለሽ ሳቂ እንጂ።»

ሳቀች። «ተቆጪ» አላት፤ ለመቆጣት ልምምድ አላስፈለጋትም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከባንክ ስትመለስ የቢሮው በር ገርበብ ብሎ ነበር። ወንድሟ በስልክ ያወራል።

«አዎ፣ እሷ አፏን ሳትከፍት ሥራው ይሄዳል። ሞክሬዋለሁ» ይላል። «አይ፣ ገና አልነገርኳትም። እንዴት ብዬ ልንገራት? ያሳደገችኝ እኮ ናት።»

እህትየው ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ያጎረሰ እጅ ተነከሰ ሲባል በሰው ስትስቅ ኖራ፣ ተራው የእሷ ሆነ። ማባረሩስ ይሁን፤ ሰው ይከፋል፣ ወንድምም ይከፋል። ግን በገዛ ድምጿ? በሳቋ ጭምር? እንባዋን ጠርጋ ገባች። የባንኩን ደረሰኝ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

አርብ ጠዋት ወደ ሐኪም ቤት ከመሄዳቸው በፊት ወንድሟ ታክሲ ሊጠራ ወጣ። እሷ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠች። አጠቃቀሙን ራሱ አሳይቷታል። የቀዳችውን ሁሉ መርጣ «አጥፋ» የሚለውን ነካች። ማሽኑ እርግጠኛ መሆኗን ጠየቃት። እርግጠኛ ነበረች።

ወንድምየው ሲመለስ ቆማ ጠበቀችው።

«አጠፋሁት» አለች በሻካራ ድምጿ። «ሰምቼሃለሁ ትናንት። ልታባርረኝ ከሆነ በራስህ አፍ አባርረኝ፤ በኔ ድምፅ አይሆንም። አንዲት ቃል አልተውኩልህም።»

ወንድምየው የደንበኛው ወንበር ላይ ዘጭ አለ። ውጭ ታክሲው ጥሩንባውን ይነፋል። ከዚያ መቅጃውን አበራና ላፕቶፑን ወደ እሷ ገፋው።

«አንድ ጊዜ ብቻ» አላት። «ጩጬ በይኝ።»

ከንፈሯን ገጠመች።

«እባክሽ እታለም። አንድ ጊዜ።»

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። መንገዱን ሙሉ ወደ መስኮቱ ዞራ ተቀመጠች፤ እሱ አጠገቧ ላፕቶፑን ታቅፏል። ሐኪም ቤትም ለነርሷ ሰላምታ የመለሰችው በአንገቷ ነው።

አልጋውን እየገፉ ሲያስገቧት ቀና ብላ አየችው። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ እንደ ልጅነቱ በእጅጌው ዓይኑን ይጠርጋል። ልትጠራው ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ግን ቂሟ ገና አልበረደም። ማታ ስነቃ እጠራዋለሁ አለች በልቧ። በሩ ተዘጋ።

ሐኪሙ ጓንቱን ሊያጠልቅ ሲገባ፣ ወንድምየው ያቀፈውን ላፕቶፕ አየና ቆም አለ፦ «ጎበዝ፣ ቀዳህላት ማለት ነው፤ ማንቁርቷ ዛሬ ስለሚወጣ፣ ከአሁን በኋላ ድምጿን የምትሰሙት እዚያ ውስጥ ብቻ ነው።»