ዲንቄ የመለሰችው ድንጋይ

ለሜሳ መጥረቢያውን ወደ ላይ እንዳነሳ ዲንቄ ደረሰችበት። ከአቃቂ እስከ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ዳር በእግሯ ነው የመጣችው፤ በጀርባዋ እንደ ሕፃን ያዘለችው ነገር ግን ሕፃን አይደለም። ነጠላዋን ፈታችው። የወፍጮ መጅ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ዱብ ብሎ መሬት ወደቀ።

«አውርደው መጥረቢያውን!» አለችው። «የወንድምህ ሬሳ የወጣው ከዚህች ጀልባ ሥር ነው። አንተ ደግሞ ልትፈልጣት መጣህ?»

ለሜሳ የሟቹ ባሏ፣ የጀልባዋ ቀዛፊ የነበረው የጉተማ ታናሽ ወንድም ነው። አንገቱን ደፋ። «ጋሽ በዛብህ ናቸው ያዘዙኝ» አለ፣ ለራሱ እንኳ በቅጡ በማይሰማ ድምፅ።

ሐይቁ ዘንድሮ ከወትሮው ርቆ ሸሽቷል። አምና የሰጠመችው የጭነት ጀልባ፣ ቀጥ ብላ እንደተቀመጠች፣ ከነሙሉ ቁመናዋ ብቅ ብላለች። ዙሪያዋን ጭቃው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሆዷን የውሃ አረም ስለሞላው ከሩቅ ሲያዩዋት ጎመን የበቀለባት መደብ ትመስላለች።

ባለቤቷ አቶ በዛብህ ጥላቸውን ዘርግተው ቆመዋል። ሽምብራ ነጋዴ ናቸው፤ ከማዶ የገዙትን በጀልባ አሻግረው አቃቂ ባቡር ጣቢያ ፉርጎ ላይ ያስጭናሉ። አጠገባቸው የሰፈሩ ሽማግሌ ኦቦ ሰቦቃ ዱላቸውን ተደግፈዋል። ጀልባዋ ስትፈለጥ ከሳንቃዋ ለበር የሚሆናቸውን ሊመርጡ ነው የመጡት።

«ደግሞ ምን ቀረሽ?» አሏት አቶ በዛብህ። «ይቅር ብዬሻለሁ እኮ።»

ይቅር ብዬሻለሁ! ዲንቄ ጥርሷን ነከሰች። የጉተማ ሰልስት በወጣ ማግስት ሽማግሌ ተቀምጦ ነበር። አቶ በዛብህ፣ «መቅዘፊያውን ይዞ እንቅልፍ ወሰደው፤ ከድንጋይ አላትሞ አፍንጫዋን ቀደዳት፤ ጀልባዬንም ሽምብራዬንም ፈጀብኝ» አሉ። ታመኑ። ዲንቄም በሟች ባሏ ፋንታ ማጅራቷ ላይ ድንጋይ ተሸክማ፣ ተንበርክካ ይቅርታ ለመነች። ድንጋዩን አንስተው የጫኑባት ኦቦ ሰቦቃ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ልጆቿን ሰፈሩ «የእንቅልፋሙ ልጆች» ይላቸዋል። ድንጋዩን ግን አልጣለችውም። ደጃፏ ላይ አስቀምጣው፣ ስትወጣ ስትገባ እያየችው ከረመች።

«ድንጋዩን አሳየኝ» አለች።

ከዚህ በፊት አንተ ብላቸው አታውቅም። አቶ በዛብህ ጥላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«የቱን ድንጋይ?»

«ጀልባዋን ቀደዳት ያልከውን። ይኸው ውሃው ሸሽቷል። ከዚህ እስከ ውሃው ጫፍ መረሬ ጭቃ ብቻ ነው፤ ጠጠር እንኳ የለበትም። የታለ?»

«ጭቃ ውጦት ይሆናላ! አንቺ ስለ ጀልባ ምን ታውቂያለሽ?»

«የሰማሁትን አውቃለሁ!» ጮኸች። «ምሳውን ይዤለት መጥቼ እዚሁ ቆሜ ነበር። ጀልባዋ ቅጥራን ልትቀባ ወጥታ ፀሐይ ላይ ከርማለች፤ ሳንቃዋ ደርቆ መጋጠሚያው ሁሉ ጣት ያስገባል። ጉተማ ምን አለህ? ‹ጌታዬ፣ ዛሬን ውሃ ውስጥ ትደር፤ እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ካላበጠ ክፍተቱ አይገጥምም› አላለህም? አንተስ? ‹ፉርጎው ዛሬ ነው የሚሄደው፤ ተሻገርና ጭነህ ና!› አላልክም?»

«ይኸውላችሁ፣ ሙት በምስክርነት ጠርታ መጣች!» አቶ በዛብህ ሳቁ። አብሯቸው የሳቀ ግን አልነበረም።

ዲንቄ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«ኦቦ ሰቦቃ፣ ይህንኑ ያኔም ነግሬዎት ነበር። ‹ሐዘን ነው የሚያስለፈልፍሽ› አሉኝ። እስቲ አፍንጫዋን በእጅዎ ይዳብሱት። ቀዳዳው የታለ?»

ሽማግሌው ቀረብ ብለው የጀልባዋን አፍንጫ በመዳፋቸው ከላይ እስከ ታች ደባበሱ። ደግመው ደባበሱ። ጣታቸው የገባበት ቀዳዳ የለም።

«ከሥሯ ነው የተቀደደችው!» አሉ አቶ በዛብህ ቸኩለው። «ለሜሳ! ምን ትገተራለህ? ምታ ብዬሃለሁ!»

ለሜሳ ዲንቄን አየ፤ ጌታውን አየ። እንጀራው ከእኚህ ሰው እጅ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ መጥረቢያውን ጎኗ ላይ አሳረፈው።

ሳንቃው ተሰነጠቀ፤ ውሃ ፈነዳ። ክንድ የሚያህል ውሃ ተወርውሮ የአቶ በዛብህን ሱሪ እስከ ጉልበታቸው አራሰው። ጥላቸው ከእጃቸው አመለጠ። አረሙ ከላይ ቀስ በቀስ ወደ ሆዷ ሰመጠ። ሐይቁ ጥሏት ሲሸሽ የያዘችውን ውሃ ጠብ ሳታደርግ ቆይታለች።

ለሜሳ መጥረቢያውን ጣለው። «ቀዳዳ የላትም» አለ። ከዚያ ጮኸ፤ «ቀዳዳ እኮ አልነበራትም! ሳንቃው አብጦ ጥርቅም ብሏል!»

«አንድ ሌሊት» አለች ዲንቄ፣ ዓይኗን ከአቶ በዛብህ ሳትነቅል። «አንድ ሌሊት ብቻ ነበር የለመነህ።»

ከአቃቂ በኩል የዕቃ ባቡሩ ጮኸ። አቶ በዛብህ የራሰ እግራቸውን አንስተው ወደ መንገዱ ሊያመሩ ነበር፤ ለሜሳ ግን መንገዱ ላይ ቆሟል፤ ንቅንቅ አላለም።

ዲንቄ ድንጋዩን በእግሯ ወደ ሽማግሌው ገፋችው።

«እኔ ሰው ላይ ድንጋይ መጫን አላውቅበትም። እርስዎ ያውቁበታል።»

ውሃው ገና ይፈሳል፤ የተሰነጣጠቀው ጭቃ እየተቀበለ ይጠጣዋል። ኦቦ ሰቦቃ ዱላቸውን ጥለው ጎንበስ አሉ። ድንጋዩን በሁለት እጃቸው አቅፈው ቀና ሲሉ ዓይናቸው ያረፈው አቶ በዛብህ ማጅራት ላይ ነው።