የአባቷ መንጋጋ

ሕመምን ከሰው ወደ ሰው ማዛወር ከተቻለ ወዲህ፣ ሕመሙን በደንብ የማይናገር ታካሚ ጥርስ ሐኪም ዘንድ የሚመጣው ከተረካቢ ጋር ነው። አቶ ደምሰው «ትንሽ ይጠዘጥዘኛል» ከማለት በቀር ምንም ስላላሉ፣ ልጃቸው ብሩክታዊት ሕመማቸውን ተረከበች። ወዲያው ዓይኗ በእንባ ሞላ።

ዶክተር ነጂባ የአባትየውን ጥርሶች በቀዘቀዘ ጥጥ ነካች።

«ቅዝቃዜው ይሰማሻል?»

«የመጨረሻው ላይ አይሰማኝም።»

በብረት ስታንኳኳቸው ግን፣ የመጨረሻው መንጋጋ ላይ ስትደርስ ልጅቷ ጮኸች።

«ነርቩ ሞቶ ሥሩ መግል ይዟል» አለች ሐኪሟ። «አባባ፣ መድኃኒቱን አምስት ቀን ይውሰዱ፤ ከዚያ ይነቀላል።»

«አባዬ፣ ትንሽ ያልከኝ ይሄንን ነው?»

«በይ አሁን መልሺልኝ።»

«ቤት ስንደርስ።»

ታክሲው ገና ሳይነሳ፣ ሰሞኑን ዓይናቸውን ያልከደኑትን አባቷን ትከሻዋ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። በራቸው ላይ ሲደርሱ ብሩክታዊት ጉንጯን ደግፋ፣ «አታቁም፣ አንድ ዙር ጨምርልን» አለችው ሾፌሩን፣ በሹክሹክታ።